ዳር ዳሩን አትሂጂ

ቆይ፣ ከመውጣትሽ በፊት ጎማውን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። እንደ በሰለ ቲማቲም ከሰረጎደ አየር ይፈልጋል፤ እንደ ጥሬ ሎሚ ጠንክሮ ከመለሰሽ ይበቃዋል። አሁን የፊቱን ፍሬን ጨብጠሽ ወደፊት ግፊው። አልሄደም? ጎሽ። የኋላውንም እንዲሁ። ከዚያ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከርሽ ሰንሰለቱን ስሚው፤ ሲጢጥ ካለ ዘይት አንሶታል። ሁሉም ተደምሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቁርስሽን ሳትበዪ ብትወጪ ይቅር እልሻለሁ፤ ይሄን ሳታደርጊ ብትወጪ ግን አልልም።

ትናንት ማታ «ሰኞ ሥራ በብስክሌት ልሄድ ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ጠልቼው አይደለም፤ ከየት እንደምጀምርልሽ ጠፍቶኝ ነው። ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉ ሦስት ጊዜ ተጠማዞ፣ ሚኒባሱ ብቅ ሲል ሰልፉ ፈርሶ፣ ጉልበት ያለው ገብቶ አንቺ እንደገና መጨረሻ ላይ ስትቆሚ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከዚያ ሰልፍ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በስድስት ዓመት ሦስት ጊዜ አደጋ ደርሶብኛል፤ ሁለቱ የራሴ ጥፋት ነበሩ። የምመክርሽ ከእነዚያ ከሁለቱ ነው።

መጀመሪያ ርቀቱን እንይ። የምትሄጂው ከጀሞ መካኒሳ ነው። ሳትቸኩዪ ብትነጂ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አታጪም፤ ይሄ ማለት በ20 ደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስልክሽ ላይ ካርታ ክፈቺና ቤትሽንና ቢሮሽን ለኪ። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ማንም ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ከዚያ በላይ ከሆነም ይቻላል፣ ግን የመጀመሪያው ወር ላይ አይደለም። ዛሬ እሑድ ነው፤ መንገዱ ባዶ እያለ ሄደሽ ትመለሻለሽ። ዛሬ ያላየሽውን ጉድጓድ ነገ ከኋላሽ ሚኒባስ እያንቧረቀ እንድታገኚው አልፈልግም።

አንድ ነገር እወቂ፦ አዲስ አበባ ዘንበል ያለች ትሪ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከእንጦጦ ጀምራ እያዘቀዘቀች ወደ አቃቂ ትወርዳለች፤ እኛ ታችኛው ጠርዟ ላይ ነን። ስለዚህ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ መሀል ከተማ ስትሄጂ በጥቅሉ ትወጫለሽ፤ ወደ ቤት ስትመለሺ ትወርጃለሽ። ጠዋት ላብሽን አስቢ፣ ማታ ፍሬንሽን። ከጀሞ ለቡ፣ ከለቡ ሃይሌ ጋርመንት ያለውን እንደ ልብሽ ትነጂዋለሽ፤ ወደ ሳር ቤት አቅጣጫ ከሆነ ግን ማርሽ ቀይሪ፣ ካልሆነም ወርደሽ ግፊ። መግፋት ነውር አይደለም። ከተማችን በአማካይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሲያለከልክሽ «ደካማ ነኝ» ብለሽ እንዳትደመድሚ። ሁለት ሳምንት ስጪው።

ማርሽ ስልሽ፣ ዳገቱ ላይ ከወጣሽ በኋላ አይቀየርም። ከሥሩ ሳለሽ፣ እግርሽ ገና ሳይከብደው ቀይሪ። ዳገት መሀል ላይ ፔዳሉን ረግጠሽ እያስጨነቅሽ ብትቀይሪ ሰንሰለቱ ይወልቃል፤ እጅሽ በግራሶ ተለቅልቆ ቢሮ ትገቢያለሽ።

አሁን ስለ መንገዱ። ዕድለኛ ሰፈር ነን። የከተማዋ ትራንስፖርት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ሲያወጣ 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር የመገንባት ዕቅድ ይዞ ነበር፤ ቀድመው መስመር ከተሠራላቸው መንገዶች አንዱ የእኛው የለቡ–ጀሞ መንገድ ነው። በኋላ የመጣው የኮሪደር ልማትም ከሳር ቤት በካርል አደባባይ፣ በብስራተ ገብርኤል፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አደባባይ አድርጎ ወደ ፉሪ ወርዷል። እንግዲህ የብስክሌት መስመር ባለበት በመስመሩ ሂጂ፤ በሌለበት ደግሞ ሰፈር ለሰፈር ያለውን የኮብልስቶን መንገድ ምረጪ። ኮብልስቶን ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ግን እዚያ ላይ ማንም አይከንፍም። ጉዳቱ ሁለት ደቂቃ መዘግየትና የጥርስሽ መንገጫገጭ ብቻ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ግን እንዳትወጪ። አቋራጭ ቢሆንም፣ ባዶ ቢመስልም፣ እዚያ ያለው ፍጥነት ላንቺ አልተሠራም።

መስመር አለ ማለት ደግሞ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቅሻል ማለት አይደለም። የቆመ መኪና ታገኛለሽ፣ የአሸዋ ክምር ታገኛለሽ፣ በቆሎ የምትጠብስ እናት ታገኛለሽ። ደወልሽን አንዴ መታ አድርጊና ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ አትጩኺ። ከከተማዋ ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ የእግረኛው መንገድ ሲዘጋበት ወደ አንቺ መስመር የሚገባው ወዶ አይደለም። ዋናው አደጋ ያለው መስመሩ ውስጥ ሳይሆን የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው፤ መስመሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በጣም በሚያስፈልግሽ ቦታ፣ መጋጠሚያ ላይ ነው። እዚያ ስትደርሺ ፔዳል አቁሚ፣ ወደ ኋላ ተመልከቺ፣ እጅሽን ዘርግተሽ አሳዪ፣ ከዚያ ግቢ። አደባባዩ ካስፈራሽ ወርደሽ በእግረኛ ማቋረጫ ግፊው። እኔ እስከ ዛሬ የምገፋባቸው ሁለት አደባባዮች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ መጀመሪያው አደጋዬ ነግሬሽ አላውቅም። ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፣ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት። ለሰው እንዳልከብድ ብዬ ጠርዙን ተለጥፌ፣ የግራ ፔዳሌ ብቻ አስፋልቱ ላይ ያለ እስኪመስለኝ ድረስ ከቦዩ ጋር እየተጋፋሁ ነበር የምሄደው። ከኋላዬ ሚኒባስ ክላክስ አደረገ። ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሸሁ። እንደገና አደረገ። እንደገና ሸሸሁ። ሦስተኛው ላይ የምሸሽበት ቦታ አልቆ ነበር፤ የፊት ጎማዬ ክዳኑ የሌለ ጉድጓድ ውስጥ ሰጠመ፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ አረፍኩ። ይሄ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ነው። ሚኒባሱ እኮ አልነካኝም! ማለፊያ እንዲያገኝ ቦታዬን በጄ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ማታ ጉልበቴን በጨው ውሃ እያጠብኩ የገባኝን ነው የምነግርሽ። እኛን ሲያሳድጉን «ዳር ዳሩን ሂጂ» ብለው ነው። መንገድ ላይም፣ ሰው መሀልም፣ ወሬ ላይም ዳር ዳሩን። እግረኛ ስትሆኚ ምክሩ ልክ ነው። ብስክሌት ላይ ግን ዳር መሄድ ማለት ጉድጓዱ፣ የተሰበረው ጠርሙስ፣ የሚከፈተው የመኪና በርና የቦዩ አፍ ያሉበትን ክፉ መሬት ለራስሽ መምረጥ ነው። ደግሞም ዳር ስትለጠፊ ሹፌሩ «ቦታው ያሳልፈኛል» ብሎ ይገምትና ልብስሽን እየታከከ ያልፋል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል፣ አንድ ትልቅ እርምጃ ስትርቂ ግን ሊያልፍሽ ከፈለገ በእርግጥ መሪውን መጠምዘዝ አለበት፤ ለመጠምዘዝ ደግሞ ሊያይሽ ግድ ነው። መታየት ነው የሚያድንሽ። ሄልሜቱ የሚያስፈልግሽ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ታደርጊያለሽ።

ከቆሙ መኪናዎች አጠገብ ስታልፊም የበራቸውን ስፋት ያህል ራቂ። መስኮቱ ውስጥ ጭንቅላት ካየሽ በሩ ሊከፈት ነው ብለሽ እመኚ። ክላክስ ሲደረግብሽ አትደንግጪ፤ በዚህ ከተማ ክላክስ ሰላምታም ስድብም ነው፣ አንዳንዴም ልማድ ብቻ። መስመርሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የምትዋዥቂ ከሆነ ማንም አያምንሽም። ጥሩና ሰፊ ቦታ ስታገኚ፣ አንቺ መርጠሽ፣ ፈቅደሽ አሳልፊው፤ እጅሽንም አንሺለት። ተገፍቶ መሸሽና ፈቅዶ ማሳለፍ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ጉልበቴ ልዩነቱን ያውቃል።

ከትራፊክ በተቃራኒ የሚነዱ ልጆች ታያለሽ፤ «መኪናውን ፊት ለፊት እያየሁት ይሻላል» ይሉሻል። አትስሚያቸው። ብስክሌት እንደ መኪና በቀኝ በኩል፣ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ከግቢ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሹፌር የሚያየው ወደ ግራው ነው፤ በቀኙ በኩል ከመጣሽበት ላንቺ ዓይን የለውም።

ጆሮሽን ክፈቺ። «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከሚኒባስ ውስጥ ከሰማሽ ጣትሽን ፍሬኑ ላይ አድርጊ፤ ያ ታክሲ ሳያስጠነቅቅ ወደ ቀኝ ተጠምዞ ይቆማል፣ በሩም ያንቺው በኩል ነው። የትራፊክ መብራት እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥሽም፤ ረዳቱ ሳያውቅ የሚሰጥሽን ተቀበዪው። ሲኖትራክ ካየሽ ደግሞ ሌላ ሕግ ነው፦ በቀኙ ጎን ከቶ አትቁሚ። ሹፌሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከቀኝ ጎማው አጠገብ ያለ ሰው አይታየውም፤ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከኋላው ቆዪ። አሸዋውን አድርሶ ይመለስ፤ ያንቺ ቢሮ የትም አይሄድም።

ስለ ጆሮ ካነሳን፣ ማዳመጫ አውልቂ። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው በገመድ አልባው ስልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን ኮርቻ ላይ እያለሽ ገመድ ያለውም የሌለውም ስልክ የለሽም።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የምትወጪ ከሆነ ውሾቹ ገና አልተበተኑም። ሲያባርሩሽ መሸሽ ያስጎመዣቸዋል። ፍጥነት ቀንሺ፣ ቁጣ ባለው ድምፅ «ሂድ!» በይ፤ ካልሰሙ ወርደሽ ብስክሌቱን በመሀላችሁ አድርጊና እየገፋሽ እለፊ። የተቀመጠችን ሴት እንጂ የቆመችን ሴት አይደፍሩም። ማታ ከመሸ ደግሞ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ሳይኖርሽ አትንጂ። መንገዱ ጭር ካለ በዚያች ምሽት ታክሲ ያዢና ብስክሌቱን ቢሮ ጥበቃው ጋር አሳድሪው። ጀግንነት ለቀን ይበቃል።

ስለ ገዛሽው ብስክሌት ሳላመሰግንሽ አላልፍም። ጓደኞችሽ ያንን ባለ ስፕሪንጉን፣ ወፍራም ጎማ ያለውን ሲያስመኙሽ ይሄን ቀለል ያለውን መምረጥሽ ብልህነት ነው። ስፕሪንጉ ያምራል፣ ግን በየእርምጃው ጉልበትሽን ይበላል። ደግሞም ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊፍት የለውም፤ በየቀኑ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ስትሸከሚ ሰንሰለቱን ወደ ውጭ አድርገሽ ኮርቻውን ትከሻሽ ላይ አንጠልጥዪ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ መሪውን አዙሪ፤ አለበለዚያ የሁለተኛ ፎቅ እትዬ ግድግዳዬን ቧጨርሽ ብለው የዓመቱን ወሬ ያደርጉሻል።

ነይ፣ የጎማውን መንፊያ አፍ እዪ። በብዛት የምታገኚው ሁለት ዓይነት ነው፦ ቀጭን፣ ጫፉ የሚላወስ፤ ሌላው ወፍራም፣ ልክ እንደ መኪና። ያንቺ ወፍራሙ ነው። ወደፊትም ስትቀይሪ ይሄንኑ ግዢ፤ ምክንያቱም ከለቡ እስከ ጎፋ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ለመኪና በሚነፋበት ይነፋልሻል። ግን አንድ ነገር ንገሪው፦ «ትንሽ ትንሽ እያልክ»። ለሲኖ ጎማ የለመደ እጅ ብስክሌት ላይ ጨክኖ ከለቀቀው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ እንደ ጥይት ይፈነዳል፤ ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ቆሜ እያየሁት ዝም ብዬ። ሲበሳ ደግሞ አብረሽው ቆመሽ እዪ። ጎሚስታው የውስጡን ጎማ አውጥቶ ይነፋና የቆሸሸ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ክንድ ክንድ እያለ ያሽከረክረዋል፤ አረፋ ከወጣበት ቦታ ላይ በጥፍሩ ምልክት አድርጎ፣ አድርቆ፣ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፋል። መልሶ ከመግጠሙ በፊት «የውጩን ጎማ ከውስጥ ዳስስልኝ» በዪው። የወጋው ሚስማር ወይም እሾህ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ነገም ተመልሰሽ እሱው ጋር ነሽ።

ልብስሽ። በጉርድ ቀሚስ ይነዳል፣ ሰፊ ከሆነ ብቻ። ሱሪ ከሆነ የቀኝ እግርሽን በላስቲክ እሰሪው፤ ሰንሰለቱ ያለው በቀኝ ነው። ነጠላ ወይም ሻሽ ካለሽ ጫፉ እንዳይንጠለጠል ጠቅልለሽ ቋጥሪው፤ የኋላ ጎማ አንዴ ከያዘው ወደ አንገትሽ ነው የሚስበው። ቦርሳሽን ጀርባሽ ላይ አትዘይ፤ ላቡ የሚወጣው ከእሱ ሥር ነው። የኋላ መጫኛው ላይ እሰሪው። ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ ትንሽ ፎጣና አንድ ሸሚዝ አስቀምጪ። ደግሞ የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ሰውነትሽ መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ ቢሮ ስትገቢ አያልብሽም። አስር ደቂቃ ለማትረፍ የምትከንፈው ልጅ አስራ አምስት ደቂቃ መጸዳጃ ቤት ፊቷን ስታራግብ አይቻታለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ክረምት ሲገባ ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ጀርባሽ ላይ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ያሰምርብሻል፤ እስከ ሰኔ አስገጥሚ። ከሁሉ በላይ ግን ኩሬ ውስጥ አትግቢ። ጥልቀቱን የምታውቂው ኩሬ የለም፤ በጋ ላይ ያየሽው ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ ለብሶ ሜዳ ይመስላል። ዝናብ ላይ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ቀድመሽ ጀምሪ። ኃይለኛ ሲሆን ደግሞ ተጠለዪ፤ ያዲስ አበባ ዶፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ሻይ ዕድሜ ነው።

ስታቆሚው ጎማውን ብቻ አትቆልፊ። ጎማው ተቆልፎ ቀርቶ ሌላው የሄደበት ሰው አውቃለሁ። የመቆለፊያውን ሰንሰለት በፊት ጎማውና በዋናው ብረት ውስጥ አሳልፈሽ ከምሰሶ ጋር በጓጉንቸር እሰሪ። ለጥበቃው ሰላምታ አትርሺ፤ ከጓጉንቸሩ በላይ የሚጠብቅሽ እሱ ነው።

የቀረው የሰው አፍ ነው። ለካፊ አለ፣ አልዋሽሽም። ግን በብስክሌት ያለው ጥቅም፣ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አንቺ የለሽም። «የልጅ መጫወቻ» የሚሉሽ ትልልቅ ሰዎች ካሉ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞች እንደነበሩ ንገሪያቸው፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

እማዬ ሌላ ናት። እማዬ «መኪና ይገጭሻል» ትላለች እንጂ የምትፈራውን ሌላውን ነገር በአፏ አትናገረውም። እኔንም እንዲሁ ትለኝ ነበር። የምትፈራው የልጃገረድነት ነገር ነው። እኔ ልንገርሽ፦ ልጃገረድነት ኮርቻ ላይ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ግን ይሄን ለእማዬ በክርክር አትነግሪያትም። ባሕር ዳር ያለችውን እህቷን አስታውሻት፤ አክስታችን አገልግሏን ከኋላ አስራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በብስክሌት ገበያ ስትወጣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እዚያ ሜዳው ነው ያስለመዳቸው፤ ተማሪውም አስተማሪዋም ይነዳሉ። እማዬ በእህቷ ላይ ክፉ ቃል አይወጣትም። ዝም ካለች አሸንፈሻል። ከዚያ የመጀመሪያውን ወር የታክሲ ሒሳብ ቆጥበሽ ለእሷ ቡና ግዢላት፤ ቀሪውን ራሷ ትጨርሰዋለች።

በይ አሁን ውጪ። እስከ መካኒሳ ሄደሽ ተመለሺ፤ እኔ ከኋላሽ እከተላለሁ፣ አልናገርሽም። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠርዙ ጋር ስትለጠፊ ካየሁሽ ደወሌን ሁለቴ እመታለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንድ ሜትር ውጪ። ነገ ግን ብቻሽን ነሽ። ደርሰሽ፣ ቆልፈሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ስታበቂ ደውዪልኝ። ከዚያ በፊት ብትደውዪ አላነሳም።